ስለ «ኢፍ» ጥቂት ቃል

ከእንግሊዝኛ ቃላት መካከል እንደ «ኢፍ» አጭር የሆነ ጥቂት ነው። ሲጻፍ ሁለት ፊደል ብቻ ነው። ዳሩ ግን በዚህ ግቢ ውስጥ እንደ እሱ ብዙ ሰው ያስላበ፣ ብዙም የፈተና ወረቀት በቀይ ቀለም ያዥጐረጐረ ቃል መኖሩን እንጠራጠራለን። አንባቢዎቻችንም በዚሁ ፈተና ያለፋችሁ ወይም ያላለፋችሁ ስለ ሆናችሁ ነገሩን እንደ እንግዳ አታዩትም ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

እኛ የምንባለው በአንድ መኝታ ክፍል የምንኖር ስድስት የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን። ስድስት እንበል እንጂ ዛሬ አምስት ነን፤ ወደዚያ ነገር በኋላ እንደርሳለን። አንዱ ከመንዝ፣ ሁለቱ ከወሎ፣ አንዱ ከጅማ፣ አንዱ ከሐረር፣ አንዱም ከዚሁ ከአዲስ አበባ ነው። ስድስታችንም 9ኛ ክፍል ከገባን ጀምሮ የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው ይባላል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ስለ ወሰነ፣ የፊዚክሱን ሕግም የዓድዋን ታሪክም ያጠናነው በእንግሊዝኛ ነው። ይሁን እንጂ መምህራኖቻችን በእንግሊዝኛ ጽፈው በአማርኛ ያስረዱን ነበር፤ እኛም በእንግሊዝኛ ገልብጠን ሳይገባን እንሸመድደው ነበር። በዚህ ዓይነት አንድ ሰው አራት ዓመት ሙሉ ተምሮ፣ ከአራት ምርጫ አንዱን እያጠቆረ፣ አንዲት የራሱን ዓረፍተ ነገር ሳይጽፍ ዩኒቨርሲቲ ሊደርስ ይችላል። ደርሰናልም።

በአንደኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ የእንግሊዝኛ መምህራችን ሰሌዳውን በሦስት ከፍለው አሰመሩበት። በመጀመሪያው ላይ «ኢፍ ሂ ካምዝ፣ አይ ዊል ቴል ሂም» ብለው ጻፉ። በሁለተኛው ላይ «ኢፍ ሂ ኬም፣ አይ ዉድ ቴል ሂም»፤ በሦስተኛው ላይ ደግሞ «ኢፍ ሂ ሃድ ካም፣ አይ ዉድ ሃቭ ቶልድ ሂም» አሉ። ከዚያም የእጃቸውን ጠመኔ አራግፈው «አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ገባችሁ?» ሲሉ ጠየቁን። ገባን አልን። ተማሪ እንዲህ ሲጠየቅ ሌላ ምን ይላል?

ይህ በሦስት የመክፈል ዘዴ መምህራችን ከራሳቸው ያመጡት አይደለም። ቶምሰንና ማርቲኔት የተባሉት ደራስያን እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተሙት የሰዋስው መጽሐፋቸው እንዲሁ ይከፍሉታል፤ ብዙ የትምህርት ቤት መጻሕፍትም ይህንኑ መንገድ ይዘዋል። ለመሸምደድ የሚመች ስለ ሆነ እኛም ሸመደድነው። ሦስቱን መስመር በካርቶን ላይ ጽፈን ከበሩ ጀርባ ለጠፍነውና ጥርሳችንን ስንፍቅ ሳይቀር እንደ ዳዊት እንደግመው ነበር። ፈተናው ሲመጣ ግን ካርቶኑ አልረዳንም። ዓረፍተ ነገሩ ቀርቦ፣ ግሱ በቅንፍ ውስጥ ተቀምጦ፣ ከሦስቱ መስመር የትኛው እንደሚስማማ ራሳችን እንድንለይ ታዘዝን። ስድስታችን ስድስት ዓይነት መልስ ጻፍን። አንዱ የወሎ ልጅ በ«ኢፍ»ም በኩል በዋናው ዓረፍተ ነገርም በኩል «ዉድ» አግብቶበት ተገኘ። ምነው ብንለው፣ «እንዳይበላለጡ ብዬ ነው» አለ።

የችግሩን ሥር ያገኘው ከመንዝ የመጣው ጓደኛችን ነው። ይህ ልጅ ብዙ አይናገርም፤ ሲናገርም ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። በጥቅምት ወር አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሁላችንም በየአልጋችን ተጋድመን ሳለ፣ «እናንተ፣ አማርኛውን ልብ ብላችሁታል?» ብሎ ጀመረ።

«ምኑን?» አልነው።

«ተገላቢጦሽ ነው እኮ። እኛ ሰውዬው ይመጣል ብለን ስንጠብቅ ‹ከመጣ እነግረዋለሁ› እንላለን። ‹መጣ› ኀላፊ ጊዜ ነው። መምጣቱን ስንጠራጠር ወይም እንደማይመጣ ስናውቅ ደግሞ ‹ቢመጣ እነግረው ነበር› እንላለን። እዚያ ውስጥ ያለው ‹ይመጣ› ትንቢት ነው። እንግሊዞቹ ግን ለሚጠበቀው የአሁኑን ጊዜ፣ ለማይጠበቀው ኀላፊውን ሰጡት። ስለዚህ ‹ከመጣ›ን እንዳለ ስንመልሰው ‹ኬም› ይወጣል፤ ‹ቢመጣ›ን እንዳለ ስንመልሰው ‹ካምዝ› ይወጣል። የምንሳሳተው ለዚህ ነው እንጂ ደንቁረን አይደለም።»

በመጨረሻዋ ቃል ክፍሉ በሙሉ ብድግ ብሎ ተቀመጠ። የእጅ ስልካችንን አብርተን የተመለሰልንን የፈተና ወረቀት አወጣን። እውነትም ከስሕተቶቻችን የሚበዛው «ካምዝ» በሚገባበት «ኬም»፣ «ኬም» በሚገባበት «ካምዝ» መጻፋችን ነበር። ለካ በድፍረት እየተሳሳትን የነበረው አማርኛችንን በትክክል እየተረጐምን ነው! የሐረሩ ልጅ ግን በቀላሉ የሚረታ ስላይደለ፣ «‹ድር ቢያብር አንበሳ ያስር› የሚለውስ? እዚህ ምን ጥርጣሬ አለ?» ሲል ጠየቀ። የመንዙ ልጅ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «ተረት ሌላ ነው» አለ። እስከ ዛሬም የተሻለ መልስ አላገኘንም። አባቶቻችን የሚጽፉትን «የመጣ እንደ ሆነ» የሚለውን አነጋገርም ያን ማታ አንሥተን ከየትኛው ወገን እንደምናስገባው ስንከራከር እንቅልፍ ወሰደን።

የቀረው ጥያቄ እንግሊዞቹ ገና ላልሆነ ነገር ኀላፊ ጊዜ የሚሰጡት ለምንድን ነው የሚለው ነበር። ይህንን መምህራችንን በቢሯቸው ሄደን ጠየቅናቸው። እሳቸውም በእንግሊዝኛ ኀላፊ ጊዜ ያለፈውን ብቻ ሳይሆን ከእውነት የራቀውንም እንደሚያመለክት አስረዱን። ግሱ በጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲል ነገሩ ከሚሆነው ነገር አንድ እርምጃ ይርቃል፤ ሁለት እርምጃ ሲል ጭራሽ በሩ ይዘጋል። «ዉድ»ም ራሱ የ«ዊል» ኀላፊ ነው። «ኢፍ አይ ዋዝ» መባል ሲገባው «ኢፍ አይ ዌር» የሚባለውም ከጥንት ጀምሮ ለምኞትና ለጥርጣሬ ብቻ ይነገር ከነበረ የግስ ዓይነት የተረፈ ቅሪት ነው አሉን። ይህን ሁሉ ተቀብለን ከቢሮው ስንወጣ፣ የመንዙ ጓደኛችን በመንገድ ላይ በራሱ ቋንቋ መለሰልን። «በሰማይ ላይ ደመና ካለ ‹ኢፍ ኢት ሬንስ› በሉ። በአጨዳ ጊዜ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከሆነ ‹ኢፍ ኢት ሬንድ› በሉ። ቡቃያው ደርቆ ከብት ከገባበት በኋላ ከሆነ ደግሞ ‹ኢፍ ኢት ሃድ ሬንድ› በሉ» አለ። ከዚያን ቀን ወዲያ ካርቶኑን ማየት ተውን። የሚቀጥለውን ፈተና ስድስታችንም አለፍን።

አማርኛችን ግን በቀላሉ የሚለቅ ቋንቋ አይደለም። በተለይም «ነበር» የምትለዋ ቃል። «ገንዘብ ቢኖረኝ እገዛው ነበር» ያለ ሰው ስለ ዛሬ ይሁን ስለ አምና የሚናገረው ከፊቱ ካልታየ በስተቀር አይታወቅም። «ኖሮ» የምትለዋን ብንጨምርባት ወደ አለፈው ታዘነብላለች፤ ግን ስንቶቻችን እንጨምራታለን? እንግሊዝኛው ይህን አይፈቅድም። አፍህን ሳትከፍት አስቀድመህ መቁረጥ አለብህ፤ በሩ ክፍት ነው ወይስ ተዘግቷል? እኛ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ሳንቆርጥ መናገር የለመድን ሰዎች ነን። ሻይ ቤት ገብተን ለባለቤቷ «እማማ፣ ትንሽ ውሃ ቢሰጡኝ» እንልና ዝም እንላለን። ዋናው ዓረፍተ ነገር ሳይመጣ ውሃው ይመጣል።

በዚህ ልማዳችን የደረሰብን ጉዳት የሚከተለው ነው። በየካቲት ወር የክፍላችን ተማሪዎች የንባብ ክበብ አቋቋምን። የሚነበቡት መጻሕፍት ግን አራት ነበሩ፤ እነሱም ፎቶ ኮፒ ናቸው። ስለዚህ መጻሕፍት በነጻ ለሚያድል አንድ የውጭ አገር ማኅበር ደብዳቤ እንድንጽፍ ክበቡ ክፍላችንን ወከለ። በመጀመሪያ በአማርኛ አረቀቅነው፤ «መጻሕፍት ብትልኩልን እጅግ ደስ ይለን ነበር» የሚል ነው። በአማርኛ ከዚህ የበለጠ ትሕትና ያለው ልመና አይገኝም። «ነበር» የገባችው ሰዎቹን እንዳናስጨንቃቸው ነው። ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ግን «ኢፍ ዩ ሃድ ሴንት አስ ቡክስ፣ ዊ ዉድ ሃቭ ቢን ቬሪ ሃፒ» ሆነ። ይህን የመረጥነው አውቀን ነው። ሦስተኛው መስመር ከሁለተኛው ይከብዳል፤ «ሃድ»ም «ሃቭ»ም አለበት፤ የከበደው ደግሞ የበለጠ ክብር ያለው ይመስለን ነበር። በአማርኛም «አንተ»ን ወደ «እርስዎ» ስናወጣው ቃሉ ይረዝማል አይደለም?

የመንዙ ልጅ ወረቀቱን አንብቦ «ይኸማ ቡቃያው ደረቀ ማለት ነው» አለ። ሌሎቻችን ተቃወምን። እንዲያውም አንዳችን ለገበሬ ልጅ የዲፕሎማሲ ቋንቋ እንደማይገባው በቀልድ ተናገርን። ይህን ያለው ማን እንደ ሆነ አንጽፍም፤ አምስታችንም ስቀናል። ነገሩ በድምፅ ብልጫ ይወሰን ተብሎ አምስት ለአንድ ረታነውና ደብዳቤው ተላከ። በግስ ምክንያት ምን ይመጣል የሚል ሰው ቢኖር በ1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌ ውል ያስታውስ። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው መቻልን፣ በጣልያንኛው ግዴታን የሚናገር ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ለሆነው ጦርነት አንዱ ምክንያት ሆኗል። የእኛ ደብዳቤ እንኳ ያስቀረብን መጻሕፍትን ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት ወደ እነሱ አገር የበልጉ ዝናብ ቀረ። በመንዝ ደጋ ገብስ በበልግ እንደሚዘራና በልጉ የቀረ እንደ ሆነ ብዙ ቤት ባዶ እንደሚሆን እኛ አናውቅም ነበር፤ ከተማ ያደግነው ቀርቶ የወሎዎቹም እንኳ አልጠየቁትም። ጓደኛችን በሚያዝያ ወር ማታ ማታ ወደ ውጭ እየወጣ ስልክ ይነጋገር ነበር። ስናየው ከሴት ልጅ ጋር ነው ብለን ተሳሳቅን። በግንቦት ወር መጀመሪያ ላይ የትምህርት ማቋረጫ ቅጽ ይዞ መጣ። «አባቴ አንዱን በሬ ሸጠ፤ ታሞም ተኝቷል። ታናሼ ገና ልጅ ነው» አለን። ሌላ አልጨመረም። ዝናብ ቢዘንብ ኖሮ አላለም፤ ገንዘብ ቢኖረኝም አላለም። እኛ ነን የጮህነው። ቀደም ብለህ ብትነግረን ኖሮ እናዋጣ ነበር፣ ለመምህሮቹ እንነግር ነበር፣ የእርዳታ ገንዘብ እንጠይቅልህ ነበር እያልን ተንጫጫን። እሱም ልብሱን እያጣጠፈ «ነበር ባይሰበር» አለ።

እንደ እውነቱ ከሆነ ሳይነግረን የቀረ ነገር የለም። በመጋቢት ወር ሻይ መጠጣት ትቶ ነበር። ምሳውን ከግቢው ምግብ ቤት ሲበላ ዳቦውን ለእራት በወረቀት ይጠቀልል ነበር። ይህንን አምስታችንም አይተናል። በዚያን ዕለት ማታ ያዋጣነው ብር ለበሬው ቀርቶ ለገመዱ የሚበቃ አልነበረም። እሱም አልቀበልም ብሎ ብዙ ካስቸገረን በኋላ የመኪናውን ዋጋ ብቻ ወሰደ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የነገሩት እስከ መስከረም 30 ድረስ ከተመለሰ ቦታው እንደሚጠበቅለት፣ ካልተመለሰ ግን እንደሚሰረዝ ነው። እስከ ላምበረት መናኸሪያ ሸኘነው።

የማኅበሩ መልስ የመጣው በሰኔ ወር ነው። ቁመን አነበብነው። ባለፈው ጊዜ መጻሕፍት ሳይልኩልን በመቅረታቸው ስላዘንን እነሱም እንደሚያዝኑ፣ ሆኖም ከዚያ በፊት ጥያቄያችን እንዳልደረሳቸው፣ ለወደፊቱም መልካም ዕድል እንደሚመኙልን በትሕትና ጽፈዋል። ሰዎቹን ልንወቅሳቸው አንችልም፤ የተጻፈላቸውን ነው ያነበቡት። ለመንን ብለን ያሰብነው ሰዎች ወቅሰን ተገኘን። የጅማው ልጅ ወረቀቱን አጥፎ ባዶው አልጋ ላይ አስቀመጠና «ቡቃያው ደረቀ» አለ። አልሳቅንም።

ሁለተኛውን ደብዳቤ ስንጽፍ ድምፅ መስጠት አላስፈለገም። «ኢፍ ዩ ኩድ ሴንድ አስ ሰም ቡክስ፣ ዊ ዉድ ቢ ቬሪ ግሬትፉል» ብለን አጭር አድርገን ላክነው። ከክረምቱ ዕረፍት ስንመለስ መልሱ መጥቶ ቆየን። ማጓጓዣው ከተገኘ መጻሕፍቱን ይልካሉ ይላል። ለሌላ ሰው ይህ ተራ መልስ ነው። እኛ ግን ሦስት ጊዜ አነበብነው፤ በ«ኢፍ» በኩል ያለው ግስ የአሁን ጊዜ ነው፤ በዋናው በኩል ያለው «ዊል» ነው እንጂ «ዉድ» አይደለም። መጻሕፍቱ ገና አልመጡም። ክበባችን አሁንም በአራቱ ፎቶ ኮፒ ላይ ነው፤ አንዱም ገጹ እየተቦጨቀ ነው።

አሁን መስከረም ነው። ለጓደኛችን በየማታው እንደውላለን፤ ስልኩ ዝግ ነው። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ደብዳቤ እንጻፍለት ተባለና አምስታችን አንድ ወረቀት ከብበን ተቀመጥን። ደብዳቤው በአማርኛ ስለ ሆነ ቶሎ የምንጨርሰው መስሎን ነበር። ከሰላምታው በኋላ ያለው አንድ መስመር ግን ግማሽ ሌሊት ወሰደብን። የአዲስ አበባው ልጅ «ብትመጣ ደስ ይለን ነበር» ብሎ ጀመረ። ሁለታችን ባንድ ጊዜ ብዕሩን ነጠቅነው። «ብትመጣ ደስ ይለናል» ይሁን ተባለ፤ ይህም ቢሆን እንደማይመጣ የቆረጥን ያስመስላል ብሎ የጅማው ልጅ ተቃወመ። አንዱ የወሎ ልጅ «ስትመጣ» እንበለው አለ፤ ያለ ጥርጣሬ፣ ያለ «ኢፍ»። ይህ አሳብ ለሁላችንም ጣፈጠን። ነገር ግን በሬው መገኘቱን፣ አባትየው መዳናቸውን ሳናውቅ «ስትመጣ» ብንለው ደግሞ የቤቱን ችግር እንደ ምንም ቈጥረን የምናስቸኩለው ሊመስለው ይችላል። ያ ልጅ ቃል ይመዝናል። የእኛን ደብዳቤ ተቀብሎ መጀመሪያ የሚያየው ግሱን ነው።

በመጨረሻ የጻፍነው ይህ ነው፤ ምዝገባው የሚዘጋው መስከረም 30 ነው። ከመጣህ አልጋህ እንዳለ ነው፤ ማንም አልተኛበትም። ካርቶኑም ከበሩ ጀርባ አልተነሣም። የመጻሕፍቱ ሰዎች ሁለተኛ ጽፈዋል፤ አንተ እንዳልኸው ሆነ። አባትህ እንዴት ናቸው? ክረምቱስ ዘነበላችሁ?

ዓርብ ጠዋት ሁለታችን ወደ ላምበረት ሄድን። ወደ መሐል ሜዳ የሚሄደው አውቶቡስ ሊነሣ ሲል ደረስንና ፖስታውን ለረዳቱ ሰጠነው፤ የልጁንም ስም፣ የአባቱንም ስም፣ የቀበሌያቸውንም ገበያ ነገርነው። ረዳቱ ፖስታውን ከፊት መስተዋቱ ሥር ሰክቶ በሩን እየያዘ፣ «ካገኘሁት እሰጠዋለሁ» አለን።